ምስሉ ማሰሪያ አንቀጽ ሲሆን

ጥያቄ፦ ሚሞች (በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዘዋወሩ ጽሑፍ ያለባቸው አስቂኝ ምስሎች) ላይ «ስልኬ 1 በመቶ ሲቀረው»፣ «መምህሩ ስሜን ሲጠራ» የሚሉ ጽሑፎች አያለሁ። ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው ዐረፍተ ነገር ጎደሎ ነው ተብለን ነው የተማርነው። ታዲያ እነዚህ ስህተት ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። ጽሑፉን ከምስሉ ነጥለው ካነበቡት እውነትም ጎደሎ ነው፤ «ሲቀረው» ብሎ ዝም ያለ ሰው «እና ምን ሆነ?» መባሉ አይቀርም። ሚም ላይ ግን መልሱ ያለው ምስሉ ውስጥ ነው። ከጽሑፉ ሥር ዐይኗን ያፈጠጠች ድመት ካለች፣ «ደነገጥኩ» የሚለው ማሰሪያ የድመቷ ፊት ነው። አማርኛ ደግሞ ለዚህ በጣም የተመቸ ቋንቋ ነው። ጥገኛው ሐረግ ይቀድማል፣ ማሰሪያው መጨረሻ ይመጣል፤ ዐይናችንም ከላይ ወደ ታች ሲወርድ መጀመሪያ «ሲቀረው»ን፣ ከዚያ ፊቷን ያገኛል። «ስልኬ 1 በመቶ ሲቀረው ደነገጥኩ» ብለው ቢያሟሉት ሰዋስዉ ይቃናል፣ ሳቁ ግን ይጠፋል፤ ምስሉ ሥራ ፈትቷልና።

ፈረንሳዊው የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ሮላን ባርት በ1964 እ.ኤ.አ. ጽሑፍና ምስል በሁለት መንገድ እንደሚገናኙ ጽፎ ነበር። አንዳንዴ ጽሑፉ ብዙ ትርጉም ያለውን ምስል ወደ አንዱ ይወስነዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱ እየተቀባበሉ አንድ ሐሳብ ይሞላሉ። የጠየቁኝ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ጽሑፉ ስም ብቻ ሲሆንም ምስሉ ግስነቱን አይተውም። በ2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰውን ፎቶ ያስታውሱት ይሆናል፤ ከፍቅረኛው ጋር እየሄደ ዞሮ ሌላ ሴት የሚያየውን ወጣት። ወጣቱ ላይ «እኔ»፣ አላፊዋ ላይ «እንቅልፍ»፣ ፍቅረኛው ላይ «የነገው ፈተና» ብለው ቢጽፉ ያለዎት ሦስት ስም ብቻ ነው። ማን ማንን እንደተመኘ፣ ማን እንደተቆጣ የሚናገሩት የወጣቱ አንገትና የፍቅረኛው ፊት ናቸው።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ቦታ ነው። «ስነቃ» እኔ ነኝ፣ «ሲነቃ» እሱ ነው። ብዙዎች ስለራሳቸው እያወሩ «ጠዋት ሲነቃ» ብለው ይጽፋሉ፤ ያን ጊዜ ከሥር ያለው ፊት የማን እንደሆነ ይምታታል። ይህ በእውነት ስህተት ነው፣ መታረምም አለበት። «ስትደውል» ግን «አንተ»ም «እሷ»ም ስለሚሆን ፊደሉ አይለየውም፤ ስልክ የያዘች ሴት ከሥሩ ካለች ምስሉ ለይቶልናል።