ስቱኮው ለምን አበጠ?

አንድ የደብረ ብርሃን መምህር እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ጋሼ፣ የቆየች ዲኤክስ ኮሮላ አለችኝ። አምና የበሩን ታች ዝገት ፍቄ፣ ስቱኮ መትቼ ቀለም ቀባሁት። ክረምቱ ሳይወጣ እንደ ፊኛ አበጠ። አሁን መኪናዋን በሙሉ ግቢዬ ውስጥ ለቀለም ላዘጋጃት ነው። ያው ነገር እንዳይደገም ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ጥፋቱ የቀለሙ አይመስለኝም። ከስሩ ውሃ አለ።

ስቱኮ፣ ያ ጎድጓዳውን የምንሞላበት ሊጥ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውሃ ይጠጣል። ከቀለም በፊት ከስር የሚቀባው ተራው ፕራይመርም እንደዚያው ነው። በብርጭቆ ወረቀት በውሃ ስታሸው ይጠጣል፤ ማታ ደጅ ስታሳድረው ደግሞ የእናንተን አገር ጤዛ ይጠጣል። ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ላዩ ይደርቃል፣ አንተም ደረቀ ብለህ ትረጭበታለህ። ውሃው ውስጥ ተቀበረ ማለት ነው። እኔም በጀማሪነቴ የአንድ ቮልስ ፓራፋንጎ (የጎማውን ከለላ) እንዲሁ ሠርቼ፣ ባለቤቱ በሁለት ወሩ መልሶ አምጥቶልኛል። በነፃ ነው የደገምኩለት!

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ በሩ ራሱ ነው። የበር ታች የሚዝገው ብዙ ጊዜ ከውስጥ ነው። ከስር ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ይደፈኑና በመስታወቱ በኩል የገባው ዝናብ እዚያው ይተኛል። የውስጥ ሽፋኑን ፍታና እይ፤ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ክፈት። ላሜራውን በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርገው። ከበሳ፣ ስቱኮ አያድነውም። ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበት።

አሁን ወደ ሥራው። መብራቱን፣ እጀታውን፣ የበርና የመስታወት ዙሪያ ጎማውን ፍታ። በቴፕ ሸፍኜ አልፈዋለሁ ካልክ ቀለሙ መላጥ የሚጀምረው ከዚያ ጠርዝ ነው። በሳሙና እጠብና ከማሸትህ በፊት ቅባቱን አስለቅቅ። ቅባት እያለ ካሸህ ወደ ጭረቱ ውስጥ ነው የምታስገባው። በአንድ ጨርቅ የቅባት ማስለቀቂያውን ቀባ፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ጥረግ። ላምባና ናፍጣ ግን አደራ፣ ራሳቸው ቅባት ጥለው ይሄዳሉ።

የድሮውን ቀለም የማይታይ ቦታ ላይ ትነር ውስጥ በተነከረ ጨርቅ እሸው። ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከወጣ ወይም ከተሸበሸበ፣ አዲሱ ቀለም ሲያርፍበትም ሊሸበሸብ ይችላል። ለሚረጭልህ ሰው አስቀድመህ ንገረው።

ዝገቱን በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ላሜራው ነጭ እስኪሆን አውጣ። የተገለጠውን በዚያው ቀን ፕራይመር አልብሰው፤ ኢፖክሲ የሚባለውን የፕራይመር ዓይነት ካገኘህ እሱን ምረጥ፣ ውሃ አያሳልፍም። ስቱኮው ከዚያ በላይ ይመጣል። ውፍረቱ ከ3 ሚሊሜትር አይለፍ። ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ያህል ማጠንከሪያ ይበቃል። ብርድ ነው ብለህ አትጨምር፣ የበዛው በኋላ ቀለሙ ላይ እንደ እድፍ ይወጣል። ይልቅ በሩን ፀሐይ አሙቀው፤ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥራ። ከዚያ በደረቁ እሸው፦ 80፣ ቀጥሎ 180፣ ፕራይመር ከደገምክ በኋላ 320። ውሃ አይንካው።

ማታ ጣሪያ ስር አስገባት። በላስቲክ መጠቅለል አይሆንም፣ ከስሩ ያልበዋል። ጎረቤት በኩበት እንጀራ ሲጋግር ጢሱ ወደ አንተ ከመጣም፣ ጥላሸቱ ቅባት ነውና ፕራይመሩን እንደገና ጥረግ።

መርጨቱን ግን ለጋራዥ ተውላቸው። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ቀለም ሲረጭ ጢሱ ሳንባ ይጎዳል፣ የጨርቅ ማስክ አያግደውም። ልጆች ባሉበት ግቢ አይሞከርም።

ቀለሟን ልትቀይር አስበህ ከሆነ ደግሞ ሊብሬው ላይ የተጻፈውም መቀየር አለበትና፣ ከመረጨቷ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ብቅ በል።