ከብረት ምድጃ ጀርባ የሚለበጠው ድንጋይ

እህቴ፣ እንጅባራ ባለው የጭቃ ቤታችሁ ሳሎን ለአባትሽ የእንጨት ምድጃ አቁመሽ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ በጥቁር ድንጋይ ልትለብጪ እንዳሰብሽ አየሁ። «ድንጋዩ ግድግዳውን ከእሳት ይጠብቀዋል ወይ? ስንት ሴንቲ ላርቀው?» ነው ጥያቄሽ። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ «ድንጋይ አይነድም፣ አትስጊ» ብለውሻል። እኔም ደብረ ማርቆስ በ2010 ዓ.ም. እንዲሁ ብዬ ስለጀመርኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ምድጃውን አንድ በያጅ ከ4 ሚሊ ጥቁር ላሜራ ሠራልኝ። ግንበኛው ድንጋዩን በሲሚንቶ አድርጎ በቀጥታ ምርጉ ላይ ለጠፈው፤ ምድጃውን ከድንጋዩ 15 ሴንቲ አርቀን አቆምነው። እንዴት እንዳማረ! የገባ እንግዳ ሁሉ ፎቶ ይነሣበት ነበር። በሁለተኛው ክረምት ነሐሴ ላይ እናቴ ልትጠይቀን መጣች። ማታ ማታ «ኧረ ማነው ቆሎ የሚያሳርረው?» ትላለች። ቆሎ የቆላ የለም። ሦስት ቀን ሣቅንባት። በአራተኛው ቀን ወደ ጓዳ ገብቼ በምድጃው ጀርባ በኩል ግድግዳውን በእጄ ብዳስሰው አሁን እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል። እሳቱን አጥፍተን አደርንና ጠዋት አንድ ድንጋይ በመሮ ፈልቅቄ ምርጉን ጫር ጫር አደረግሁት። የባህር ዛፉ ማገር እንደ ተቆላ ቡና ጠቁሯል፤ በጥፍሬ ስነካው ይፈረፈራል። ሚስማሩ በሁለት ጣቴ ተነቅሎ ወጣ። እናቴን ይቅርታ ጠየቅኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንጋይ አይነድም፣ ሙቀት ግን ያሳልፋል። ሰዓት ሙሉ ሲሞቅ ይቆይና የጠጣውን ሁሉ ለጀርባው ይሰጣል። ከጀርባው ጭቃ አለ፣ በጭቃው ውስጥ ደግሞ ዓመታት የደረቀ እንጨት። የጭቃ ቤት እንለዋለን እንጂ አጥንቱ ቋሚና ማገር ነው። እንጨት ለወራት በየቀኑ ከሞቀ ደግሞ ቀስ በቀስ ይከስላል፤ የከሰለ እንጨት ደግሞ ደህናው እንጨት በማይነድበት ሙቀት ሊያያዝ ይችላል። ስለዚህ «ሁለት ዓመት አንድደን ምንም አልሆነም» የሚልሽን ሰው አትስሚው፤ በየዓመቱ አደጋው እየቀረበ ነው። ልስናችሁ ሲሚንቶ ቢሆንም ለውጥ የለውም። ግድግዳው ብሎኬት ቢሆን ኖሮ ሌላ ጨዋታ ነበር።

የሚያድነው ከድንጋዩ ጀርባ የሚተወው ክፍተት ነው። ድንጋዩ ከግድግዳው ቢያንስ 2 ሴንቲ ተኩል ርቆ ለብቻው ይቆማል፤ ክፍተቱ ከታችም ከላይም አፉ ክፍት ይሆናል። ቀዝቃዛ አየር ከሥር ይገባል፣ ሞቆ ከላይ ይወጣል፣ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ቁጥር 211 በሚባለው ደረጃው፣ ተፈትኖ ማረጋገጫ ያልተሰጠው ምድጃ (የኛ በያጆች የሚሠሩት ሁሉ ማለት ነው) ከሚነድ ግድግዳ 91 ሴንቲ ይራቅ ይላል። 9 ሴንቲ ውፍረት ያለው ግንብ ያለ ክፍተት ከተለጠፈ 61 ሴንቲ፤ ከክፍተቱ ጋር ከሆነ ግን 30 ሴንቲ ይበቃል። ልብ በይ፣ ርቀቱ የሚለካው እስከ ጭቃው ግድግዳ እንጂ እስከ ድንጋዩ ፊት አይደለም። እኔ ሁለተኛ ሳሠራ ክፍተቱን 4 ሴንቲ አደረግሁት፤ ያልተጠረበ ድንጋይ ጀርባው ወጣ ገባ ስለሆነ 2 ሴንቲ ተኩል ብትዪው አንዱ ጉጥ ሄዶ ግድግዳውን ይነካል። ግንበኛው ሲገነባ ሲሚንቶ ወደ ክፍተቱ እየወደቀ እንዳይደፍነው ጣውላ አስገብቶ እየሳበ ይሥራ። እኔ ጎን ቆሜ ነው ያሠራሁት፤ ዞር ካልሽ «ይጠንክርልሽ» ብለው ይሞሉታል። ከግድግዳው ጋር የሚያያዝበት ሽቦ ወይም ፌሮ ከጫፍና ከጫፍ ይሁን፣ ልክ ከምድጃው ጀርባ አይሁን።

ለብቻው የሚቆም ግንብ ደግሞ መሠረት ይፈልጋል። አንድ ሜትር ተኩል ስፋት፣ 1 ሜትር ከ60 ቁመት፣ 15 ሴንቲ ውፍረት ብትዪ ጥቁር ድንጋይ ወደ 10 ኩንታል ይመዝናል። በጭቃ ወለል ላይ አሥር ኩንታል ማቆም አይሆንም፤ ወለሉን ቆፍረሽ ከሥር በድንጋይ አስነሺው። ድንጋዩን ከወንዝ አታምጡ፤ ውስጡ ውሃ የያዘ ድንጋይ ሲሞቅ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። ከገነባሽ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳታነጂ ቆዪ፤ የመጀመሪያዎቹ እሳቶችም ጭራሮ ብቻ ይሁኑ።

ገንዘቡ ካጠረሽ እውነቱን ልንገርሽ፤ ድንጋዩ ለጌጥና ሙቀት ለማቆየት ነው። 0.6 ሚሊ ላሜራ ከግድግዳው 2 ሴንቲ ተኩል በቱቦ ቁራጭ ተርቆ ቢሰቀል ያው 30 ሴንቲ ይበቃዋል። እኔ ብሆን ዘንድሮ ላሜራውን ሰቅዬ አባቴን አሞቅና ድንጋዩን ለከርሞ እገነባዋለሁ።

አሁን ወደ ጭስ ማውጫው። ብዙ ጊዜ ቤት የሚያቃጥለው እሱ ነው፤ አንቺ ግን ስለሱ ምንም አልጠየቅሽም። ነጠላው ቱቦ ከሚነድ ነገር 46 ሴንቲ ይራቅ። ኮርኒስና ወራጅ መሃል ነጠላውን ቱቦ እንዳታሳልፊው፤ በዚያ ቦታ ቱቦ በቱቦ ውስጥ ሆኖ መሃሉ የድንጋይ ሱፍ (ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራ፣ የማይነድ ጥጥ መሳይ ነገር) ይሞላበታል። እኔ ሱፉን ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት። በዙሪያው ያለውን ኮርኒስ በሰፊው ቆርጠሽ በላሜራ ተኪው። ጣሪያው ሥር አቡጄዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ካለ ጨርሶ ይነሣ። ቱቦው ቆርቆሮውን ከወጣ በኋላ ቢያንስ 90 ሴንቲ ከፍ ይበል፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ማንኛውም ነገር ደግሞ በ60 ሴንቲ ይብለጥ። የናንተ አገር ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ቱቦው ጭሱን ወደ ላይ የሚስብበት ኃይል ደከም ይላል፤ ረዘም ያለ ቱቦ፣ መታጠፊያ ያልበዛበት ይሻልሻል። የኔ ከምድጃው አፍ እስከ ክዳኑ 5 ሜትር ነው።

ነጩን፣ ዚንክ የተቀባውን ላሜራ ለቱቦው እንዳትቀበዪ፤ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ያሳምማል። ሌላም ነገር አለ። የኔ በያጅ ቱቦዎቹን እንደ ጣሪያ ክዳን አስቦ፣ ዝናብ እንዳይገባ ብሎ፣ የላይኛውን ከታችኛው ውጭ አለበሰው። ዝናብስ አልገባም፤ ግን በሐምሌ ጥቁር ቅጥራን በየመጋጠሚያው እየተንጠባጠበ ቱቦውን እንደ እንባ አወረደበት፣ ግድግዳውን አበላሸ። የላይኛው በታችኛው ውስጥ ነው የሚገባው፤ ቅጥራኑ በውስጥ ወርዶ እሳቱ ላይ ይቃጠላል።

ያ ቅጥራን ደግሞ የሚመጣው ከእርጥብ እንጨት ነው። ትኩስ የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ከ20 በመቶ በታች እስኪወርድ መድረቅ አለበት። ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ካላችሁ ኅዳር ላይ ቁረጡት፣ ወዲያው ፍለጡት፣ ከመሬት አንሥታችሁ ጎኑ ነፋስ በሚያገኝ ዳስ ሥር ደርድሩት፣ ሐምሌ ላይ አንድዱት። ሁለቱን ስታጋጪ «ቋ» ካለ ደርቋል። ባህር ዛፍም ያው ነው። ቱቦውን በክረምት በየወሩ በሽቦ ብሩሽ እጠርገዋለሁ።

አባትሽ ማታ ማታ ፍሙ እንዲያድር ብለው የቱቦውን መዝጊያ ሊዘጉት ይችላሉ፤ ሽማግሌ ፍም ሲያልቅ አይወድም። እንዳይዘጉት አስጠንቅቂያቸው። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ያንቀላፋ ሰው አይነቃበትም። እኔ መዝጊያውን ሩቡ ሁልጊዜ ክፍት እንዲቀር በያጁን አስቆርጬዋለሁ፤ ዙሪያውን አዙረው ቢዘጉትም ጭሱ መውጫ አለው።

የሳሎኑ ጣሪያ ሥር ኮርኒስ ነው ወይስ አቡጄዲ? ወራጆቹስ በስንት ሴንቲ ልዩነት ነው የተደረደሩት? ለክተሽ ከጻፍሽልኝ ቱቦው በየት በኩል ቢወጣ እንደሚሻል እነግርሻለሁ። እስከዚያ በያጁ ምንም እንዳይቆርጥ።