35 በመቶው ከሙሉ ደመወዝ ላይ አይታሰብም
የደመወዝ ግብር እስከ 35 በመቶ፣ የባለሀብቱ ድርጅት የትርፍ ግብር ግን 30 በመቶ ስለሆነ፣ «እኔ ሠራተኛው ከድርጅቱ የበለጠ እከፍላለሁ ማለት ነው?» ሲሉ በቅሬታ ጠይቀውኛል። አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ በወር በሚያገኙት 15,000 ብር ላይ ግብርዎ ከድርጅቱ 30 በመቶ የበለጠ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ሆኖ ቀጣዩ በየእርከኑ ከ15 እስከ 30 በመቶ ስለሚታሰብና 35 በመቶ የሚያርፈው ከ14,000 በላይ ባለው 1,000 ብር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ጠቅላላው 3,200 ብር፣ ማለትም 21 በመቶ ገደማ ነው።

ቅሬታዎ ግን መሠረት የለውም አልልም፤ ድርጅቱ የሚከፍለው ወጪውን ቀንሶ በሚቀረው ትርፍ ላይ ሲሆን፣ እርስዎ የቤት ኪራይዎን ሳይቀንሱ ይከፍላሉ። (ባለቤቱ ትርፉን ሲከፋፈል ሌላ ግብር እንደሚጨመርበት ግን አይዘንጉ።)

በአካባቢያችን ደጋግሜ የማየው ስሕተት የጡረታውን 7 በመቶ ከግብር ጋር መደመር ስለሆነ፣ የደመወዝ ዝርዝርዎን ጠይቀው ሁለቱን ለይተው ያስሉ።