ለሟች መምህር ቤተሰብ፦ ከመዋጮው በፊት ጡረታው
መምህር፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ጎንደር፣ አዘዞ ያስተምር የነበረው ባልደረባችሁ ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን ጥሎ ማረፉን ጽፈው፣ ከየደመወዛችን አዋጥተን በአንድ ጊዜ እንስጥ ወይስ በየወሩ ብለው ለጠየቁት የበኩሌን ልበል።

ከሁሉ በፊት ጡረታው ይቅደም። ሟቹ የመንግሥት መምህር ከነበረና ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ፣ ሚስቱ እሱ ሊያገኝ ይችል ከነበረው አበል 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ያገኛሉ። አገልግሎቱ ከዚያ ካነሰ የሚከፈለው የአንድ ጊዜ ዳረጎት ነው። ሐዘን ላይ ያለች ሴት የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃና የልጆቹን የልደት ሰነድ ይዛ ከቢሮ ቢሮ ብቻዋን መንከራተት የለባትም። ከእናንተ አንድ ሰው አብሯት ይሂድ፤ ይህ ከብሩ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ከነበረም ቁጠባውንና በማኅበሩ ያለውን ድርሻ (ዕጣ) ጠይቁላት፤ ያልተከፈለ ብድር ካለ ዋሱ ማን እንደሆነም አጣሩ።

መዋጮው በየወሩ ቢሆን ይሻላል። ዕድሩ ቀብሩንና የሐዘኑን ሰሞን ይሸፍናል፤ ቤት የሚጎድለው ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ነው። ጡረታው እስኪጀመር ድረስ ገንዘቡ በእሷ ስም በተከፈተ ሒሳብ በቀጥታ ይግባላት፣ ለመስከረም የደብተርና የዩኒፎርም ደግሞ ለብቻ ያዙ። የልጆቹን ፎቶ ግን እባካችሁ ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ፤ ነገም እዚያው ጎንደር ከእኩዮቻቸው ጋር ነው የሚማሩት።