የኑክሌር ስጋት ዜና የሚሳሳተው የት ላይ ነው? ከጅማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጅማ ላይ ፊዚክስ እንደማስተምር የሚያውቁ የከተማችን ነዋሪዎች የላኩልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኢራን በ2021 ዩራኒየም 60 በመቶ ማበልጸግ ጀመረች ሲባል፣ እዚህ ሕርማታ ብዙዎቻችን ቦምቡ ከግማሽ በላይ ተሠራ ማለት መስሎን ነበር። ልክ ነበርን?

መልስ፦ አልነበራችሁም፤ ጥፋቱ ግን ቁጥሩን ያለ ማብራሪያ ያስተላለፈው የዘጋቢው ነው። መቶኛው የሚያሳየው ዩራኒየም 235 የተባለው ዓይነት በጠቅላላው ዩራኒየም ውስጥ ያለውን ድርሻ ነው፤ ማበልጸግ ማለትም ይህን ድርሻ ከፍ ማድረግ ነው። ዩራኒየም ከመሬት ሲወጣ ይህ ድርሻ 0.7 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ለአብዛኞቹ የኃይል ማመንጫዎች ከ3 እስከ 5 በመቶ ይበቃል፤ ለጦር መሣሪያ የሚፈለገው ደግሞ 90 በመቶ አካባቢ ነው። ይህን የምለው ነገሩን ለማቃለል አይደለም። የማበልጸግ ሥራ ከባዱ ክፍል መጀመሪያው በመሆኑ፣ 60 በመቶ የደረሰ አገር አብዛኛውን ድካም ጨርሷል። ስለዚህ «ቦምቡ ሊያልቅ ነው» የሚለውም፣ «ገና 30 በመቶ ይቀራል» ብሎ የሚያረጋጋውም ዜና እኩል ይስታሉ።

ጥያቄ፦ «በሳምንታት ውስጥ ቦምብ ይኖራታል» የሚለውስ?

መልስ፦ ባለሙያዎች ሳምንታት ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚቆጥሩት ለአንድ ቦምብ የሚበቃ ዩራኒየም የሚዘጋጅበትን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቦምቡን መሥራትና በሚሳይል ላይ መግጠም ሌላ ሥራ ናቸው፤ ዜናው ግን ሦስቱንም አንድ ያደርጋቸዋል።

ጥያቄ፦ በትልልቅ ጋዜጦችም እንዲህ ያለ ስህተት ይደርሳል?

መልስ፦ ይደርሳል፤ መዘዙም ከባድ ነው። ኒውዮርክ ታይምስ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2002 ኢራቅ ልትገዛቸው የሞከረቻቸው የአሉሚኒየም ቱቦዎች ሴንትሪፊውጅ ለተባለው፣ በፍጥነት እየተሽከረከረ ዩራኒየም ለሚያበለጽገው መሣሪያ እንደታሰቡ፣ ስማቸው ያልተጠቀሰ ባለሥልጣናትን ይዞ በፊት ገጹ ዘገበ። በዚያው ዕለት የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ በቴሌቪዥን ቀርበው ያንኑ ዘገባ ጠቀሱ፤ መንግሥት ለጋዜጣው ያቀበለው ወሬ ተመልሶ ለመንግሥት ምስክር ሆነ ማለት ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ባለሙያዎች ግን ቱቦዎቹ ለተራ ሮኬት የታሰቡ ናቸው ብለው ይከራከሩ ነበር። ማርች 7 ቀን 2003 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ኃላፊ መሐመድ ኤልባራዳይ፣ በኢራቅ ላይ የቀረበው ሌላው ክስ ማስረጃ የነበሩት፣ ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ነበር የሚሉት ሰነዶች ትክክለኛ አለመሆናቸውን ለጸጥታው ምክር ቤት አስረዱ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የኢራቅ ጦርነት ተጀመረ። ጋዜጣው ዘገባው ጉድለት እንደነበረበት ያመነው ሜይ 26 ቀን 2004 ነበር። የሞተውን ሰው ሳስብ፣ የዘገየ እርማት እርማት መባሉ ያስቸግረኛል።

ጥያቄ፦ ሰሜን ኮሪያን በሚመለከትስ?

መልስ፦ በኤፕሪል 2017 ካርል ቪንሰን የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደ ኮሪያ እየገሰገሰች ነው ተብሎ በየአገሩ ተዘገበ። መርከቧ ግን በኢንዶኔዥያ አቅራቢያ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ እየተጓዘች ነበር። መነሻው የአሜሪካ ባለሥልጣናት መግለጫ ቢሆንም፣ አቅጣጫዋን ሳያጣሩ ያስተጋቡት መገናኛ ብዙኃን ናቸው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የተናገረውን ብቻ አምነን እንቀመጥ?

መልስ፦ ኤጀንሲው የሚመሰክረው ተቆጣጣሪዎቹ ሊያዩ የቻሉትን ነው። ኢራን ከፌብሩዋሪ 2021 ጀምሮ ቁጥጥሩን ስለቀነሰች፣ በ2022 ደግሞ ካሜራዎች ስለተነሱ፣ ማረጋገጥ ያልቻለውን በሪፖርቱ ውስጥ ራሱ ይጽፈዋል። በዜናው ውስጥ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን አንቀጽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተቆርጦ የሚቀረውም እሱ ነው።