ቤዝ ጊታር ብቻውን ሲጫወት፦ የቅዳሜ ከሰዓት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ አምቢየንት ቤዝ ጥቂት ጽፌ ጥያቄው ጎረፈ። ዛሬ ከሰዓት እዚሁ አለሁ፣ ጠይቁ። ለአዲስ ሰው፦ የምናወራው ከበሮ የሌለው፣ ዘፋኝ የሌለው፣ አንድ ቤዝ ጊታር ብቻውን ዝግ ብሎ ድምፁን እያስረዘመ ስለሚጫወተው ሙዚቃ ነው። ከወዲሁ አንድ ማሳሰቢያ። በስልክ ስፒከር አትስሙት።

የፒያሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ የላኩትን በስልኬ ከፍቼ ሰማሁት። ጣት ክር ሲነካ ቅጭ ቅጭ ይላል እንጂ ሌላ ምንም የለም። ምኑ ነው የሚወደደው?

መልስ፦ በስልክ ስፒከር ነዋ የሰማኸው! የቤዝ ወፍራሙ ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ይርገበገባል። 41 ሄርዝ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው 55፣ ከዚያ 73፣ ቀጭኑ 98። የስልክ ስፒከር ደግሞ ከጥቂት መቶ ሄርዝ በታች አቅም የለውም።

ታዲያ በዘፈን ውስጥ ቤዙን እንዴት እሰማዋለሁ ካልከኝ፣ አንድ ክር ሲመታ መሠረቱ ብቻ አይደለም የሚወጣው። እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ፣ አራት እጥፉም አብረው ይወጣሉ። 82፣ 123፣ 164 እያለ ይቀጥላል። አእምሯችን የላይኞቹን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ለዘፈን ይሄ ይበቃል። ለአምቢየንት ቤዝ ግን አይበቃም፤ ሙዚቃው ያለው ክሩ ከተመታ በኋላ ነዋ። የላይኞቹ ቶሎ ይከስማሉ፣ መሠረቱ ይቆያል። ስልክህ የማያሰማህ ያንን የቆየውን ነው። እኔ ሰው እንዲሰማልኝ የምፈልገው ደግሞ እሱን ነው።

ካዛንቺስ፦ የቱን ኢርፎን ልግዛ? በስንት ብር?

መልስ፦ ማርካና ዋጋ አልመክርም። ጆሮ የሚደፍን ይሁን። አብረውት ከሚመጡት ላስቲኮች ለጆሮሽ በደንብ የሚገጥመውን ምረጪ። ክፍተት ካለ መጀመሪያ የሚያመልጠው ቤዙ ነው።

አራት ኪሎ፦ ቤዝ ቡስቱን (ወፍራሙን ድምፅ የሚያጎላውን ማስተካከያ) ባበራው አይሻልም?

መልስ፦ አታብራው። ተጫዋቹ ሆን ብሎ ያመጣጠነውን ታበላሽበታለህ። ጭቃ ይሆናል። ድምፁንም አትጨምር። ጆሮ ድምፅ ሲቀንስ ከሁሉ በፊት የሚያጣው የታችኛውን ነው፤ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንን እ.ኤ.አ. በ1933 ለክተው አሳይተዋል። ስለዚህ ሰው ቤዝ አነሰኝ ብሎ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ጆሮውን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በጨመርክ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10። መፍትሔው ፀጥ ያለ ቦታ መፈለግ ነው።

ካዛንቺስ፦ እሺ ጋሼ፣ ግን እስከ ሁለት ሺህ ብር ባለው ውስጥ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ መልሼዋለሁ።

ውቤ በረሃ፦ እኔ በስፒከር ነው የምሰማው። ቤቴ አንድ ክፍል ነው፣ 4 ሜትር በ4 ሜትር። አንዱ ወፍራም ኖታ ሲመጣ ቤቱን ያናውጠዋል። ወዲያና ወዲህ ስል ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ስፒከሩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ስፒከርሽ ደህና ነው። የሚጮኸው ክፍልሽ ነው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ የ41 ሄርዝ አንድ ሞገድ ርዝመቱ ከ8 ሜትር በላይ ነው። 4 ሜትር ክፍል ውስጥ ግማሹ ልክክ ብሎ ይገባል። ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለስና ይጠነክራል። ብታሰይው ክፍልሽ የሚያጎላው ወደ 43 ሄርዝ ነው፤ ከወፍራሙ ክር ባዶ ድምፅ ጎን ማለት ነው። ርዝመቱም ወርዱም 4 ሜትር መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ያው ኖታ ይጎላል።

የዚህ ድምፅ ጉልበት ግድግዳው ዘንድ ነው። መሃል ክፍል ላይ ይሞታል። ወዲያና ወዲህ ስትዪ የጠፋብሽም ለዚህ ነው። እንግዲህ ስፒከሩን ከጥግ አውጪው። አንቺም መሃል ላይ አትቀመጪ፣ ግድግዳም ተደግፈሽ አትስሚ። ከግድግዳው የክፍሉን አንድ ሦስተኛ ያህል ራቅ ብለሽ ሞክሪ። መጋረጃና ምንጣፍ ለዚህ አይረዱም፤ እነሱ የሚይዙት ቀጭን ድምፅ ነው።

ውቤ በረሃ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጎረቤት ግን ማታ ማታ ያማርራል።

መልስ፦ ልክ ናቸው። ወፍራም ድምፅ ግድግዳ አያቆመውም። ማታ በኢርፎን።

ቸርችል፦ ለእንቅልፍና ለጭንቀት ይጠቅማል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሐኪም አይደለሁም።

የፒያሳ ልጅ፦ ኢርፎን ተውሼ ሰማሁት! ሌላ ነገር ነው ለካ። አሁን ከማን ልጀምር?

መልስ፦ ደስ አሰኘኸኝ። አምቢየንት የሚለውን ስም በሰው አፍ ያስገባው ብራያን ኢኖ ነው፤ በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለአውሮፕላን ማረፊያ ብሎ በሠራው አልበም። በቤዝ በኩል ጃኮ ፓስቶሪየስ በ1976 በስሙ ባወጣው የመጀመሪያ አልበም አንድ ቤዝ ብቻውን ሙሉ ዜማ መሸከም እንደሚችል አሳየ። አምቢየንት አይደለም፣ ግን መንገዱን ጠርጓል። ከእሱ የተማረው ማይክል ማንሪንግ ደግሞ እየተጫወተ ቅኝቱን የሚቀይርበት ቤዝ አለው። እንግሊዛዊው ስቲቭ ሎውሰን በ2000 ቤዝና የሉፕ መሣሪያ (የተጫወተውን ቀድቶ ደጋግሞ የሚመልስ) ብቻ ይዞ አልበም አወጣ።

ከሁሉ የማስቀድመው ግን ጀርመናዊውን ኤበርሃርድ ዌበርን ነው። በ1993 «ፔንዱለም» ብሎ ብቻውን የሠራውን ስማ። በ2007 ስትሮክ መታውና መጫወት አቆመ። ከዚያ ቀደም ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከያን ጋርባሬክ ጋር መድረክ ላይ ብቻውን የተጫወታቸውን ቅጂዎች አሰባስቦ፣ ሌላ ድምፅ ጨምሮባቸው፣ በ2012 አዲስ አልበም አደረጋቸው። እጁ ከከዳው በኋላ የድሮ እጁን ይዞ ሠራ። ይሄንን እያሰብክ ስማው።

አራት ኪሎ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ዌበር ግን ጊታር አይደለም የሚጫወተው። ቆሞ የሚያዝ ኤሌክትሪክ ኮንትራባስ ነው።

ቸርችል፦ ምን ለውጥ አለው? ቤዝ ቤዝ ነው።

አራት ኪሎ፦ ለውጥማ አለው። ፍሬት (አንገቱ ላይ የሚደረደረው ቀጭን ብረት) የለውም፣ በቀስትም ይጫወቱታል።

ቸርችል፦ ጃኮስ ቤዙ ፍሬት ነበረው እንዴ?

አራት ኪሎ፦ የጃኮ ጊታር ነው፣ ፍሬቱ ይነቀል እንጂ። ፎቶውን እይ አቦ!

መልስ፦ አራት ኪሎ ትክክል ነው፣ የዌበር መሣሪያ ጊታር አይደለም። ለማዳመጥ ግን አንድ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ስለዚህ አልተወውም። በዚህ ይብቃ። ጥያቄ ያለው ይጻፍ።

ሠራተኛ ሰፈር፦ ወንድሜ፣ ልጆቼ ይሄንን ሲያሰሙኝ በገና መሰለኝ። ተሳስቼ ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳቱም አባቴ። ይሄንን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በገና 10 አውታር አለው፣ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ዝግ ብሎ ይደረደራል። እያንዳንዱ አውታር ድልድዩን በሚነካበት ቦታ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ እንዝራ። አውታሩ ሲርገበገብ እንዝራውን እየነካካ ያንን የምናውቀውን ንዝረት ያወጣል። ቅድም ለፒያሳው ልጅ እጥፉ፣ ሦስት እጥፉ ያልኩትን ያስታውሱ። እንዝራው የሚያደርገው እነዚያን የላይኛ ድምፆች ማብዛት ነው። ስለዚህ በገና ያለ ማጉያ፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ወፍራም ድምፁ ጎልቶ ይሰማል። የቤዝ ተጫዋቾች ዛሬ በፔዳል (በእግር በሚረገጥ የድምፅ መቀየሪያ) የሚፈልጉትን የእኛ ሰዎች በቆዳ ቁራጭ ሠርተውታል። የመምህር ዓለሙ አጋን በገና በጥሩ ኢርፎን ይስሙት፣ ከዚያ ዌበርን ያስከትሉ። ጆሮዎ መንገዱን ያውቀዋል።

ቸርችል፦ በገና ጸሎት ነው። በጾም የሚደረደር የዳዊት መሣሪያ ከፈረንጅ መዝናኛ ጋር ባይወዳደር ጥሩ ነው።

ካዛንቺስ፦ ማን አወዳደረ? ድምፁ ይመሳሰላል ነው የተባለው።

ቸርችል፦ ዛሬ ይመሳሰላል ይባላል፣ ነገ ክለብ ውስጥ ይገባል።

ሠራተኛ ሰፈር፦ ተዉ ልጆች። እኔ የጠየቅኩት ስለ ድምፁ ነው።

መልስ፦ የቸርችል ስጋት ይገባኛል፣ አከብረዋለሁም። በገና ለምስጋና ነው፤ ከዚያ ይውጣ አላልኩም። የተናገርኩት አንድ አውታር እንዴት እንደሚሰማ ነው። ስለ ድምፁ ካልኩት የማጥፈው ቃል የለም።

አራት ኪሎ፦ በቤዝ ላይ የእኛን ቅኝት ማውጣት ይቻላል? እኔ ጀማሪ ነኝ።

መልስ፦ ይቻላል ብቻ? መሣሪያው ራሱ ይዞት ነው የመጣው! ቤዝህን አንሳ። ክሮቹ ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ናቸው። ጣትህን 12ኛው ፍሬት ብረት ላይ ሳትጫን አሳርፍና ምታ፤ ወዲያው አንሳ። ያው አራቱ ኖታ ከፍ ብሎ ይመጣል። ሃርሞኒክስ የሚባለው ይሄ ነው። አሁን 7ኛው ፍሬት ላይ እንደዚያው አድርግ። ሲ፣ ሚ፣ ላ፣ ሬ ይወጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ደርድራቸው፦ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። ይሄ ምንድን ነው? ትዝታ ሜጀር ነው፣ ከሶል የተነሳ። አንድም ኖታ ሳትጫን፣ ባዶ ክር በመዳሰስ ብቻ ሙሉው ትዝታ እጅህ ላይ አለ። ታች ሶልን በወፍራሙ ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ያዝ፣ ከላይ ሃርሞኒክሱን ጣል ጣል አድርግ። አትቸኩል። አንዱ ሳይከስም ሌላውን አትምታ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ታች ላይ ሁለት ቅርብ ኖታ አብረህ አትምታ፣ ይደፈርሳል። አንዱን ታች፣ ሌላውን ራቅ አድርገህ ላይ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ስለዚህ ሙዚቃ አጠቃላይ ማብራሪያ ቢሰጡን?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። ከዚያ ምን እንደሰማህ፣ በምን እንደሰማህ፣ የት ሆነህ እንደሰማህ ጻፍና እመልሳለሁ።

ካዛንቺስ፦ ታክሲ ውስጥ መስማት ይቻላል? ከስታዲየም ፒያሳ እመላለሳለሁ።

መልስ፦ አልመክርሽም። የሞተር ድምፅ ወፍራም ነው፤ የቤዙን ቦታ ይይዝበታል። አንቺም ለማሸነፍ ትጨምሪያለሽ። ድምፅ አትጨምሩ ብያለሁ። ቤት ውስጥም ቢሆን ጆሮሽን ጣል አድርጊ። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው፣ የመንገድ ትራንስፎርመር ደግሞ በእጥፉ፣ በ100 ያጉረመርማል። የቤዝ ቀጭኑ ክር 98 ነው። ሁለቱ ሲገናኙ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ማዕበል ይሰማል። ሰው ከቅጂው የመጣ ይመስለዋል። መስኮት ዝጊ።

የፒያሳ ልጅ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። አንድ ሰው ነው እያሉን እኔ ሦስት ቤዝ ይሰማኛል።

መልስ፦ ሉፕ ነው። አንድ ሐረግ ይጫወታል፣ መሣሪያው ይቀዳና ደጋግሞ ይመልስለታል፣ እሱ በላዩ ሌላ ይጨምራል። ጊታር ተጫዋቹ ሮበርት ፍሪፕና ኢኖ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሁለት ቴፕ ሪኮርደር ያደርጉት ነበር፤ ዛሬ አንድ ፔዳል ይበቃል። ስትሰማ መጀመሪያ የገባውን ሐረግ ያዝ። እሱ ሳይለወጥ ይዞራል። አዲስ ነገር በገባ ቁጥር ግን ያው ሐረግ ሌላ ይመስልሃል። ጆሮህን ለይቶ ለመስማት ማሠልጠን ከፈለግህ ጆቫኒ ሪኮ ከሮሃ ባንድ ጋር የተጫወተውን ያዝና ዘፋኙን ትተህ ቤዙን ብቻ ተከተል። ከዚያ በኋላ የሎውሰን ሦስት ድርብ አያስቸግርህም።

ያልደረስኩባቸውን ጥያቄዎች ሰኞ ማታ እመልሳለሁ። የኢርፎን ዋጋ ግን አትጠይቁኝ።