ጥንቆላና የሰይጣን አምልኮ በአውሮፓ ታሪክ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አውሮፓ የጠንቋይ አደን ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ እሰጣለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ጠንቋይ» የምለው ቃሉ ስለተለመደ ነው እንጂ የዚያ ዘመን ክስ የተሰወረውን አውቃለሁ ከሚለው ጠንቋይ ይልቅ ወደ መተተኛ የቀረበ ነበር።

ጥያቄ፦ ጥንቆላ ከመነሻው የሰይጣን አምልኮ ተደርጎ ይታይ ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። ላሟ የነጠፈችባት ባላገር ጎረቤቷን «መተተችብኝ» ብላ ትከስሳት ነበር እንጂ ጎረቤቷ ለማን እንደምትሰግድ ብዙም አያሳስባትም ነበር። የቤተ ክርስቲያን አቋም ደግሞ ከጠበቃችሁት የተለየ ነው። የፕሩም ገዳም አበምኔት የነበረው ሬጊኖ በ906 አካባቢ ባጠናቀረው የሕግ ስብስብ ውስጥ፣ ሌሊት በእንስሳት ጀርባ ተቀምጠን ዲያና ከተባለችው የአረማውያን አምላክ ጋር እንጋልባለን የሚሉ ሴቶች ሰይጣን በሕልም ያታለላቸው መሆናቸውን፣ ነገሩ በእውን ይፈጸማል ብሎ ማመንም ከሃይማኖት መውጣት መሆኑን የሚገልጽ አንቀጽ አለ። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ጉዞው በእውን አይፈጸምም የሚል ሰው ራሱ መጠርጠር ጀመረ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁለቱን ማን አገናኛቸው?

መልስ፦ ሊቃውንቱና ዳኞቹ ናቸው። የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት መምህራን በ1398 ባወጡት ውግዘት፣ አስማተኛው በግልጽ ባይናገረውም እንኳ ከአጋንንት ጋር ውል እንደገባና ይህም ጣዖት አምልኮ እንደሆነ አስተማሩ። ሌላው ምንጭ በመናፍቃን ላይ ይነዛ የነበረው ወሬ ነው። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 9ኛ በ1233 በጻፉት ደብዳቤ፣ ወደ ጀርመን መናፍቃን ማኅበር አዲስ የሚገባ ሰው ጉርጥና ጥቁር ድመት እንደሚስም ተተርኳል። ይኸው ተረት በ1430ዎቹ በምዕራብ አልፕስ ተራሮች አካባቢ በመተተኞች ላይ ተለጠፈ። በፈረንሳይኛ የዋልደንሳውያን መናፍቃን መጠሪያ የነበረው «ቮድዋ» ጠንቋይ ማለት ሆነ። በዚሁ ስም በ1459 በአራስ ከተማ ክስ ተጀምሮ በ1460 ሰዎች ተቃጠሉ፤ የፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረው በ1491 ነው፤ ለተቃጠሉት ምን ይፈይዳል!

ጥያቄ፦ ሁሉንም ያመጣው «የጠንቋዮች መዶሻ» የተባለው የጠንቋይ አደን መመሪያ መጽሐፍ ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ የተጋነነ ነው። ደራሲው፣ የቤተ ክርስቲያን መርማሪ የነበረው ሃይንሪክ ክራመር፣ መጽሐፉ ከመታተሙ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1485፣ በኢንስብሩክ የጀመረው ክስ ውድቅ ተደርጎበት የአገሩ ጳጳስ ከሀገረ ስብከታቸው እንዲወጣ አዘውታል። እኔ የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለሕጉ ነው። የ1532ቱ የንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ የወንጀል ሕግ በእሳት እንዲቀጣ ያዘዘው ጉዳት ያደረሰውን መተተኛ ነበር፤ የ1572ቱ የሳክሶኒ ሕግ ግን ማንንም ባይጎዳ እንኳ ከዲያብሎስ ጋር የተዋዋለ ይቃጠል አለ። በዚህ ሕግ ወንጀሉ ጉዳት ማድረስ መሆኑ ቀርቶ ማምለክ ሆነ።

ጥያቄ፦ ብዙዎቹ ለዲያብሎስ መስገዳቸውን ራሳቸው አምነው የለም ወይ?

መልስ፦ አምነዋል፤ እንዴት እንዳመኑ ግን የጀርመኗ ባምበርግ ከተማ ከንቲባ የነበረው ዮሐንስ ዩኒየስ ሐምሌ 1628 ከእስር ቤት ለልጁ ለቬሮኒካ በስውር የላከው ደብዳቤ ያሳያል። እጆቹ በስቃዩ ሽባ ስለሆኑ ደብዳቤውን ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጅቶበታል። ገራፊው ራሱ አዝኖለት፣ እውነት ባይሆንም አንድ ነገር ፈጥሮ እንዲናገር ለመነው። እርሱም በሴት አምሳል መጥታ ፍየል የሆነች ጋኔን ፈጣሪውን እንዳስካደችው ተናገረ። ከዚያም በጠንቋዮች የሌሊት ጭፈራ ላይ ያየውን ሰው ሁሉ ከገበያው ጀምሮ መንገድ በመንገድ እንዲጠራ ታዘዘ። ብዙም ሳይቆይ ተገደለ።

ስቃይ በሌለበት ስፍራም ቢሆን የመርማሪው ጥያቄ የተጠያቂውን ትረካ ይለውጥ ነበር። በሰሜን ጣሊያን በፍሪዩሊ ገጠር፣ በሽል ሽፋን ተጠቅልለው የተወለዱ «ቤናንዳንቲ» የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። በዓመት አራት ጊዜ፣ በጾም ሳምንታት ሌሊት ነፍሳቸው ከሥጋቸው ወጥታ የእንስላል ዘንግ ይዛ፣ የማሽላ አገዳ ከያዙ ጠንቋዮች ጋር ስለ አዝመራው እንደምትዋጋ ያምኑ ነበር። በ1575 የቤተ ክርስቲያን መርማሪዎች ሲደርሱባቸው ለክርስቶስ እንዋጋለን አሉ። በ1640ዎቹ ግን አንዳንዶቹ ወደ ዲያብሎስ ጉባኤ እንሄድ ነበር ማለት ጀመሩ።

ጥያቄ፦ ስንት ሰው ተገደለ?

መልስ፦ ተመራማሪዎች ከ40,000 እስከ 60,000 ይገምታሉ፤ ዘጠኝ ሚሊዮን የሚለው ቁጥር መሠረት የለውም። ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሴቶች ነበሩ፤ በአይስላንድ ግን አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። በእንግሊዝ ቅጣቱ ስቅላት ነበር።

ጥያቄ፦ በእርግጥ ሰይጣንን የሚያመልክ ድብቅ ማኅበር አልነበረም?

መልስ፦ አጋንንት ለመጥራት የሞከሩ የተማሩ አስማተኞችና የተቀበረ ሀብት ፈላጊዎች ነበሩ። የተደራጀ ማኅበር ግን አልተገኘም፤ ፈልጎ ያጣውም ራሱ መርማሪ ነው። አሎንሶ ዴ ሳላዛር ፍሪያስ በ1610 በስፔኗ ሎግሮኞ ከተማ ጠንቋዮች እንዲቃጠሉ ከፈረዱት ሦስት ዳኞች አንዱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በባስክ ተራሮች እየዞረ ከ1,800 የሚበልጡ ሰዎችን ቃል ሰማ፣ የጠንቋይ ቅባት የተባለውንም ማሰሮ ሁሉ አስመረመረ፤ ቅባቱ የማይረባ ድብልቅ ሆኖ ተገኘ። ስለ ጠንቋይ መወራትና መጻፍ እስኪጀመር ድረስ በአካባቢው ጠንቋይም የተጠነቆለበትም እንዳልነበረ ለአለቆቹ ጻፈ። በማድሪድ የነበረው የኢንኩዊዚሽን (የመናፍቃን መርማሪ ፍርድ ቤት) ምክር ቤት በ1614 አስተያየቱን ተቀብሎ አዲስ መመሪያ አወጣ፤ በሎግሮኞ በተፈጸመው ፍርድም መጸጸቱን ገለጸ።